ደንገል የጎረሰው ዓሣ

አንድ ፎቶ አንሺ ባሕር ዳር መጣ አሉ። ክንድ የሚያህል ሌንስ ይዟል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ራሷና ደረቷ ነጭ የሆነው ዓሣ አዳኟ ንስር ጥፍሯን ዘርግታ ከጣና ውሃ ላይ ስትወርድ ማንሳት። አንድ ሽማግሌ ባለ ታንኳ አግኝቶ ተስማማና አብረው ወጡ።

ንስሯ ከሐይቁ ዳር ሾላ ላይ ተቀምጣለች። ጠበቁ። ረፈደ፤ አልተነቃነቀችም። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ ክንፏን አራገፈችና መልሳ ሰበሰበችው።

«አባባ፣ መቼ ነው የምትወርደው?»

«ሲርባት ነዋ፣ ልጄ።»

«እኔ እኮ ነገ ተመላሽ ነኝ።»

«እሷ ይህን የት አውቃ!»

ፎቶ አንሺው ብር አወጣ። ሽማግሌው ብሩን አዩ፤ ንስሯን አዩ፤ ከእግራቸው ሥር አንድ ቆሮሶ አንስተው ወረወሩ። ዓሣው ሰጠመ። ሁለተኛውን አነሱ። አሁን ግን ከታንኳቸው ጅራት ጣት የምታህል ደረቅ ደንገል መዘዙ። የዓሣውን አፍ በአውራ ጣታቸው ከፈቱ፤ ደንገሏን ወደ ውስጥ ገፉ፤ እምቢ ስትል አዙረው ገፉ። የዓሣው ሆድ ተወጠረ፤ የደንገሏ ጫፍ ብቻ ከከንፈሩ ወጣ ብላ ቀረች። አፏጩና ወረወሩት። ዓሣው ተንሳፈፈ፤ ንስሯ ወረደች፤ ካሜራው ተንጣጣ።

ወሬ አይደበቅም። ሌላው መጣ፤ ሌላውም ተከተለ። ለእያንዳንዱ አንድ ዓሣ፣ አንድ ፉጨት፣ ከታንኳዋ አንድ ምዛዥ ደንገል። እየዋለ እያደረ ንስሯ ውሃውን ማየት ትታ ታንኳ መቁጠር ያዘች። ጫጩቷም ክንፍ አወጣ፤ እናቱ ወደምታይበት ያይ ጀመር።

ክረምት ገባ። እንግዳው ጠፋ፤ ግብዣውም ቀረ። አንድ ማለዳ አንድ ጎረምሳ መረቡን ሰብስቦ፣ ዓሣውን ታንኳው ላይ ከምሮ ሲመለስ ከሰማይ አንድ ነገር ቁልቁል መጣበት። ደነገጠ፤ በመቅዘፊያው መታው። ንስሯ ክንፏ ተሰበረ።

ዳር የቆሙት «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» ብለው ፈረዱባት። ሽማግሌው ግን ወደ ልጁ ጠጋ ብለው፣ «ምን እያደረግህ ነበር?» አሉት።

«ምንም! እያፏጨሁ ወደ ቤቴ ስሄድ ነው የመጣችብኝ።»

ሽማግሌው ሌላ አልጠየቁም።

የመጀመሪያው ፎቶ ግን አምሮ ወጥቶ ነበር። በትልቁ ታትሞ አንድ ሆቴል ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ከሥሩም «የጣና ንስር ስታድን» ተብሎ ተጻፈበት። ለወጥ ቤቱ ዓሣ ያመጣ አሥጋሪ ፊቱ ቆሞ ብዙ አየውና አስተናጋጁን ጠራ፦ «ለመሆኑ ዓሣ ደንገል መብላት የጀመረው መቼ ነው?»

ታሪኩ ፈጠራ ነው፤ ዘዴው ግን አይደለም። ኬንያ ውስጥ በናይቫሻ ሐይቅ ጀልባ ነጂዎች ለጎብኚ ንስር የሚጠሩት በፉጨትና እንዲህ ባለ ዓሣ ነው። ነገሩ በዓሣ ብቻ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2009 በለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውድድር አንደኛ የወጣው፣ በር ሲዘል የሚታይ ተኩላ ፎቶ፣ ዳኞቹ ተኩላው ለማዳ ሳይሆን አይቀርም ብለው ስለደመደሙ በ2010 ሽልማቱን ተነጥቋል።

ጎጆ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ዓሣ አዳኟ ንስር ዕንቁላሏን ስድስት ሳምንት ያህል ትታቀፋለች። ለአንድ ፎቶ ተብሎ ከተነሳች ዕንቁላሉ ለፀሐይ፣ ለብርድና ለቁራ ይቀራል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው በረጅም ሌንስ ከሩቅ ያነሳል፤ ንስሯ አንገቷን መዛ ወደ እሱ ማፍጠጥ ስትጀምር ወደ ኋላ ይላል፤ ጎጆዋ የት እንዳለ ለማንም አያወራም። ባዶ እጁን የሚመለስበት ቀንም ብዙ ነው።

ይህን መታገሥ ያቃተው ዓሣውን ከወረወረም፣ ከፎቶው ሥር ቢያንስ «ንስር ስትጋበዝ» ብሎ ይጻፍ፤ የግብዣውን ሒሳብ ማን እንደከፈለም ይጨምርበት።