ለመግደል የተሠራን ዕቃ መውደድ

አሮጌ ተዋጊ አውሮፕላን የሚወድ ሰው ፍቅሩ የፈረስ ወዳጅ ፍቅር ይመስላል። ሞተሩን ሳያይ በድምፁ ይለየዋል፤ የክንፉን ቅርጽ አይቶ የተሠራበትን ዓመት ይናገራል፤ ከረግረግ ወይም ከበረሃ የተለቀመ ስብርባሪ ገዝቶ ዓመታት ሲጠግን ይኖራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ስፒትፋየርና ሀሪኬን ከተባሉት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች የመጀመሪያው ከ20,000 በላይ፣ ሁለተኛው ከ14,000 በላይ ተሠርቶ ነበር። ዛሬ አየር ላይ መውጣት የሚችለው በአሥሮች የሚቆጠር ሲሆን፣ እያንዳንዱ የት እንደዋለ፣ ማን እንዳበረረው፣ ስንት ጊዜ እንደወደቀ ወዳጆቹ በቃላቸው ያውቁታል። የሚያከራክረው ግን የተወደደው ነገር ምንነት ነው። ሰው ለመግደል ታስቦ የተሠራን ዕቃ መውደድ ይገባል?

ለጥያቄው ከብዙ ዘመን በፊት የመለሰ መጽሐፍ ኢትዮጵያ ውስጥ አለ። መጽሐፈ ሔኖክ በሙሉ አካሉ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ከቅዱሳት መጻሕፍት ትቆጥረዋለች። በመጽሐፉ መጀመሪያ ክፍል ከሰማይ የወረዱት መላእክት ለሰው ልጅ ያልተፈቀደ ጥበብ ሲያስተምሩ፣ አዛዝኤል ሰይፍና ቢላዋ፣ ጋሻና የደረት ጥሩር መሥራትን ያሳያል። እዚያው ላይ ደግሞ አምባርና ጌጥ መሥራትን፣ ዓይን መኳልን ያስተምራል። ይህን ቦታ ብዙ አንባቢ በችኮላ ያልፈዋል፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ቁልፉ ያለው እዚህ ነው። በሔኖክ ዘንድ የሚገድለው ብረትና የሚያምረው ብረት ከአንድ መምህር የመጡ ናቸው። «መሣሪያ ሆኖ ሳለ እንዴት ሊያምር ቻለ?» ብሎ የሚደነቅ ሰው ሔኖክን ቢጠይቀው፣ መልሱ ድሮም አብረው የተማሩ ናቸው የሚል ይሆናል።

በወሎ መስጊዶች የሚቀራው ቁርኣን ነገሩን በሌላ በኩል ይይዘዋል። በሱረቱል ሐዲድ ብረት ከላይ የወረደ ነው፤ ውስጡ ብርቱ ኃይልም ለሰው የሚሆን ጥቅምም አለበት። ነቢዩ ዳውድም በጦር ጊዜ ሰውን የሚጠብቅ ጥሩር መሥራትን ከአላህ እንደተማሩ ይነገራል። በሔኖክ የተሰረቀ ምስጢር የሆነው እውቀት እዚህ ጋ ስጦታም ፈተናም ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በመጀመሪያው አስተሳሰብ የመሣሪያ ውበት ራሱ ያጠራጥራል፤ በሁለተኛው የሚጠየቀው የያዘው እጅ ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ዕድር በሚቀባበሩበት፣ በጋብቻም በሚዛመዱበት እንደ ወሎዋ ኩታበር ባለ አገር ሁለቱ አሳቦች አንዳንዴ በአንድ ቤት ያድራሉ።

መሣሪያን መውደድ ለዚህ አገር ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም። ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ ተብለዋል። ፈረሱ ሲቀር ጠመንጃው ተተካ። ውጅግራ፣ ምንሽር፣ አልቤን እየተባለ እንደ ሰው ስም ወጣለት፤ በዘይት ተወልውሎ፣ አፈሙዙ በጨርቅ ተወትፎ፣ ከመኝታ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ሆኖም የአገሩ ባለ ጠመንጃ ፍቅር ከአውሮፕላን ወዳጁ ፍቅር በአንድ ነገር ይለያል። ፉከራ «ገዳይ» የሚለውን ቃል አይሸሽም። ፎካሪው ማንን እንደጣለ፣ የት እንደጣለ፣ በየትኛው ጠመንጃ እንደጣለ በአደባባይ ይናገራል። የአውሮፕላን ወዳጅ ስለ ፈረስ ጉልበት፣ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ሞተሩ ሲሊንደር ብዛት አንድ ቀን ሙሉ ሲያወራ ይውልና ሞት የሚባለውን ነገር ሳያነሣ ሊሄድ ይችላል። ፉከራ ጨካኝ ሊባል ይችላል፤ እውነተኛነቱ ግን አይካድም።

ደሴ ይህን የተዘለለ ክፍል ታውቀዋለች። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ቦምብ ጣዮች ከተማዋ ላይ ሲደርሱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሰሜኑን ጦር ለመምራት ከገቡ ገና ጥቂት ቀናቸው ነበር። ተቀጣጣይ ቦምብ የሣር ክዳን ቤቶች ላይ ዘነበ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ፤ ሐኪሞቹ ለመንግሥታት ማኅበር የተቃውሞ ቴሌግራም ላኩ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የፀረ አውሮፕላን መትረየሱን ይዘው ወደ ሰማይ ተኮሱ። ከዚያ ቀን ከተረፉት ፎቶግራፎች ዛሬም የሚታወቀው ንጉሡ ያልፈነዳ ቦምብ ላይ አንድ እግራቸውን አሳርፈው ቆመው የሚታዩበት ነው።  ከደሴ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ኩታበርም ቢሆን ጦርነትን ከመጽሐፍ አልተማረችም፤ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት፣ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት፣ ራሷ ግንባር ነበረች።

ያ የጣሊያን ጦርነት ግን ከላይ ሲታይ ሌላ መልክ ነበረው። የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶርዮ በኢትዮጵያ ሰማይ በረረ፤ በኋላም ስለዚያ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ከፈረሰኞች መካከል የወደቀውን ቦምብ ፍንዳታ ከሚፈካ አበባ ጋር አመሳስሎታል። ይህ ንጽጽር ከወጣ በኋላ ስለ ጦር መሣሪያ ውበት የሚጻፍ ሁሉ አይቶት ማለፍ የማይችለው ሆኗል። ፈላስፋው ካንት ውበትን ሲያስረዳ፣ ጥቅምም ጉዳትም ሳይታሰብበት ለብቻው የሚያስደስት ነገር ነው ብሎ ነበር። ቪቶርዮ ያየው በትክክል እንዲህ ያለ ውበት ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ለመደሰት ከፍታ ያስፈልገዋል። ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወጡ ፈረሰኛው ነጥብ ይሆናል፤ ነጥብ ደግሞ አያለቅስም።

ለአውሮፕላን ወዳጆች የሚከራከር ሰው ግን ባዶ እጁን አይደለም። ሁሉም ተዋጊ አውሮፕላን የወራሪ አይደለም። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ከኢትዮጵያ ስትወጣ ከላይ ከረዱት መካከል የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ሀሪኬኖች ይገኙበታል፤ ደሴም በዚያ ዓመት ሚያዝያ 18 ቀን ነፃ ወጣች። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ መጋቢት 6 ቀን ድሬዳዋ ላይ የሆነው ወዳጆቹ እስካሁን የሚያወጉት ነው። ጃክ ፍሮስት የተባለ አብራሪ አውሮፕላኑ ተመትቶ ከጠላት ማረፊያ አጠገብ ወረደ። ባልደረባው ሮበርት ኬርሾው ይህን አይቶ የራሱን ሀሪኬን እዚያው አሳረፈው። አንድ ሰው ብቻ በሚይዘው ወንበር ላይ ሁለቱ ተደራርበው፣ ኬርሾው የአየር ጃንጥላውን ጥሎ ቦታ አስለቅቆ፣ በጥይት መካከል ተነሡ። ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ያንን አውሮፕላን በፍቅር ቢያይ የሚወቅሰው የለም።

ይሁን እንጂ «ለነፃነት የተዋጋ» የሚለው ምክንያት ብቻውን ፍቅሩን አያብራራውም። ወዳጆቹ ያንኑ ያህል የጣሊያኑን ፊያት ሲ አር 42 ይወዳሉ። እንግሊዞች ራሳቸው በጦርነቱ የማረኩትን አንዱን ተንከባክበው በአየር ኃይል ሙዚየማቸው አስቀምጠውታል። ውበት ወገን የለውም። ከዚህም ይብሳል፤ የስፒትፋየር ክንፍ ሞላላ ሆኖ የተሠራው ለዓይን እንዲያምር አልነበረም። ቀጭን ሆኖ ሳለ ስምንት መትረየስ የሚያስቀምጥ ቦታ እንዲኖረው ነው። ተመልካቹ ልቡ የሚነካበት መስመር የመትረየሱ መኖሪያ ነው። ስለዚህ «እኔ የምወደው ቅርጹን ነው፤ ሥራው አይመለከተኝም» የሚል ሰው ሁለቱን ሊለያቸው አይችልም። የሔኖክ አዛዝኤል ይህን ቢሰማ ሳይስቅ አይቀርም።

ታዲያ የሚያስኬድ መልስ የሚገኘው ከሌላ የሃይማኖት ትምህርት ነው፤ ከሥዕል ትምህርት። በኦርቶዶክስ አስተምህሮ ለሥዕል የሚሰገደው ለእንጨቱና ለቀለሙ አይደለም፤ ክብሩ በሥዕሉ በኩል ወደ ባለቤቱ ያልፋል። ቅዱስ ባስልዮስ ያስተማረው ይህ ሐሳብ ለአውሮፕላኑም ይሠራል። በብረቱ በኩል ወደ ሰው የሚያልፍ ፍቅር አለ፤ ወደ ኬርሾው ድፍረት፣ ክንፉን ወደ ቀመረው መሐንዲስ ድካም፣ ጓደኛው ወዳልተመለሰለት መካኒክ። ብረቱ ላይ የሚቆም ፍቅር ደግሞ አለ፤ ይህ ጣዖት ነው። ሙስሊሙ የሥዕሉን ምሳሌ ባይቀበልም፣ ሥራን በኒያው፣ ማለትም በልብ አሳቡ፣ መመዘን ግን ከዚሁ የራቀ አይደለም። ሆኖም አሳቡ እስከ መጨረሻው ከተወሰደ የሚከብድ ግዴታ ያመጣል። በአውሮፕላኑ በኩል የሚታለፍባቸው ሰዎች አብራሪውና ሠሪው ብቻ ሊሆኑ አይችሉም፤ ከሥር የነበሩትም አሉ። የደሴ የሣር ቤት ባለቤት ያልገባበት የአውሮፕላን ታሪክ ግማሹ የተቀደደ ሥዕል ነው።

ፍቅሩ በእርግጥ ሰውን የሚፈልግ ለመሆኑ አንድ ማስረጃ ከዘመኑ ይገኛል። ኢትዮጵያውያን የኤፍ 5 ጄትን በፍቅር የሚያስታውሱት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት ውስጥ በተቀመጡበት አብራሪዎች ምክንያት ነው። ለገሰ ተፈራ ሚግ ጥሎ፣ በኋላ ተመትቶ ወርዶ፣ 11 ዓመት ገደማ በሶማሊያ ታስሮ ነው «የኢትዮጵያ ጀግና» የተባለው። ድሮን ግን፣ በቅርቡ ጦርነት የቱንም ያህል ቢሠራ፣ እንዲህ ያለ ወዳጅ አላገኘም። ወንበሩ ባዶ ነው፤ የሚፈራና የሚደፍር የለበትም። ምናልባት ከአርባ ዓመት በኋላ ድሮንንም አንጸባርቆ የሚያቆም ሰው ይመጣ ይሆናል፤ እስካሁን ግን የለም።

አገሪቱ ከምትወዳቸው አውሮፕላኖች ሁሉ የምትበልጠው ጠመንጃ ያልነበራት መሆኗም ልብ ይባል። በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት በ1928 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ የተሠራችው «ፀሐይ» ስሟን ያገኘችው ከንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ነው፤ ልዕልቲቱም በኋላ ነርስ ሆናለች። ጣሊያኖች ወስደዋት ሙዚየም ውስጥ ኖራ፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመለሰች። ሰው ያለቀሰላት ስለ ፍጥነቷ አይደለም።

የጦር መሣሪያን ከነታሪኩ የመውደድ ምሳሌ የሚፈልግ ግን ከወሎ መውጣት አያስፈልገውም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል ያሉትን መድፍ ያሠሩት ጋፋት ውስጥ ወንጌል ሊሰብኩ በመጡ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ነው። ብዙ ሺህ ሰው ገደልና ሸለቆ እያቋረጠ እስከ መቅደላ ጎተተው። ምስሉ አዲስ አበባ አደባባይ ላይ ቆሟል፤ ሕዝቡም ሲያየው የሚያስበው የንጉሡን ምኞት፣ የጎታቾቹን ላብ፣ በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ በሞቱበት በመቅደላ የሆነውን ሁሉ ነው እንጂ ብረቱን ብቻ አይደለም። ዋናው ዛሬም መቅደላ ላይ ነው። ከደሴ የተነሣ ሰው በኩታበር አድርጎ፣ ተንታን ይዞ ይሄድበታል።