ንዑሱ ታሪክ የማን ነው?

ንዑስ ሴራ ዐቢዩን ሴራ ካልደገፈ ይቆረጥ፤ የፊልም ድርሰት አስተማሪዎች ደጋግመው የሚናገሩት ሕግ ይህ ነው። እንደ ሙያ ሕግ እቀበለዋለሁ። ይሁንና በንዑሱ ሴራ ውስጥ የሚኖሩትም ሰዎች ናቸው፤ ሰው ደግሞ በገዛ ሕይወቱ ንዑስ ሆኖ አያውቅም።

ነገሩን በስሜን እንመልከተው። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የደረሰ ከያኒ ስለ ተራራው ፊልም ሊጽፍ ቢያስብ ዐቢዩ ሴራ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከለለ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ዋልያው በመመናመኑ፣ ሰፈራና እርሻ በመስፋፋቱ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተራ ገባ፤ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ ወጣ። ጅምር፣ ጭንቅ፣ መፍትሔ፤ ለጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ምን ይመቻል? ከመፍትሔው አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከተራራው ወርደው በደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። በዐቢዩ ሴራ ሚዛን ይህ አንድ አጭር ትዕይንት ነው፦ የተጫኑ በቅሎዎች ቁልቁል ይወርዳሉ፣ ሙዚቃው ይለዝባል፣ ካሜራው ወደ ዋልያው ይመለሳል። (የሪፖርት ጸሐፊዎችም ከዚህ ስሕተት ነጻ አይደሉም።)

ዋልያው ይተው ማለቴ አይደለም፤ ዋልያ ከስሜን በቀር አገር የለውም። ሁለቱ ታሪኮች እኩል ይሁኑም አልልም፤ ሁለት ዐቢይ ሴራ ያለው ፊልም ብዙ ጊዜ አንድም የለውም።

የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ መንገዱን አሳይቷል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ፊልም ድርሰት ሽልማትን ባገኘው «ጤዛ» ውስጥ ዐቢዩ ሴራ የአንበርብር ነው፤ በጀርመን በዘረኞች ጥቃት እግሩን አጥቶ ወደ መንደሩ የተመለሰ ምሁር። በጎኑ አዛኑ አለች፤ ልጇን በመግደሏ መንደሩ ያገለላት፣ የአንበርብር እናት ያስጠጋቻት ሴት። ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ የገቡ ልጆችም አሉ። አገር ለማዳን ተምሮ ማንንም ለማዳን ያልቻለው ሰው በእነዚህ ፊት ራሱን ያያል፤ ሴራው የተደገፈው በዚህ ነው። አዛኑ ግን ለአንበርብር መስተዋት ትሆን ዘንድ ብቻ አልተፈጠረችም። እርሱ ባይመለስ ኖሮ የእርሷ በደልና የእርሷ ብቸኝነት ይቀሩ ነበርን? አይቀሩም። መለኪያው ይህ ይመስለኛል። በ1968 ዓ.ም. በወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ደግሞ ከዳር የቆመ ዕብድ የሚመስለው ከበበ ባለርስቱን ገድሎ ዐቢዩን ሴራ ራሱ ይፈጽመዋል፤ ንዑስ የተባለው ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ጊዜ እንረዳለን።

በዚህ መለኪያ የግጭ ገበሬ ከዋልያው የተለየ የራሱ ጥያቄ ሊኖረው ይገባል፦ መሬት የሌለው ገበሬ ምን ተብሎ ይጠራል? ማሰሪያው ግን ሩቅ አይደለም፤ የገበሬው ከብትና ዋልያው የሚሻሙት አንዱን ግጦሽ ነው። ስለዚህ እኔ ብጽፈው ፊልሙን ከሣሩ እጀምራለሁ። የመጨረሻውን ትዕይንት ደባርቅ ገበያ ላይ አደርገዋለሁ፤ ከግጭ የወረደው ሰው ገብስ ሲገዛ።