የፋብሪካው ቃል በሕግ ቦታ አይቀመጥ

ወገኖቼ፣ አንድ ኢንዱስትሪ «የሕዝብ ጤና ያሳስበናል፤ ራሳችንን እንቆጣጠራለን፤ ሕግ አያስፈልግም» ሲላችሁ ለማጨብጨብ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የቤንዚኑን ታሪክ አስታውሱ።

እ.ኤ.አ. በ1921 የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲስ ቶማስ ሚድግሌይ ቤንዚን ውስጥ ሲጨመር ሞተር እንዳያንኳኳ የሚያደርግ የእርሳስ ውሁድ አገኘ። እርሳስ መርዝ መሆኑ ያኔም አዲስ ወሬ አልነበረም። በጥቅምት 1924 በኒው ጀርሲ ቤይዌይ ማጣሪያ ውሁዱን ያመርቱ ከነበሩት ሠራተኞች አምስቱ አእምሯቸው ተናውጦ ሞቱ። ሚድግሌይ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ እጁን በፈሳሹ ታጠበ፤ ትነቱንም በአፍንጫው ሳበ። ይህን ያደረገው በ1923 ራሱ በእርሳስ ተመርዞ፣ ለማገገም ከሥራ ርቆ የከረመ ሰው ነው!

በ1925 ሽያጩ ለጊዜው ቆሞ ዋሽንግተን ላይ ጉባኤ ተጠራ። አሊስ ሃሚልተንን የመሰሉ ሐኪሞች አጥብቀው ተቃወሙ። የተሰየመው ኮሚቴ ግን ለጥቂት ወራት አጥንቶ «ለመከልከል በቂ ምክንያት የለም» አለ። ምርመራው ይቀጥል ብሎም አሳሰበ። ቀጠለ፤ ግን በኩባንያዎቹ ገንዘብ። ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል በጉዳዩ ትልቁ አዋቂ ተብሎ የሚጠቀሰው ሮበርት ኪሆ፣ ውሁዱን የሚሸጠው የኢትል ኩባንያ የሕክምና ኃላፊ ነበር። መርሁ ጉዳቱ ይረጋገጥና ያኔ እናቆማለን የሚል ነበር። ማን ያረጋግጠው? መርማሪው ራሱ የሻጩ ሰው ነዋ። በሬ ከአራጁ ጋር ይውላል እንዲሉ፣ ሕዝቡም አመነ።

በ1965 ክሌር ፓተርሰን የተባለ የጂኦኬሚስትሪ ተመራማሪ፣ በሰው ገላ ውስጥ ያለው እርሳስ ከተፈጥሮው መጠን እጅግ እንደሚበልጥ አሳየ። የአሜሪካ መንግሥት ከ1970ዎቹ ጀምሮ የቤንዚኑን እርሳስ በሕግ ሲያስቀንስ ከልጆች ደም ውስጥም እርሳሱ አብሮ ቀነሰ። በመላው ዓለም የመኪና እርሳስ ቤንዚን ያበቃው በሐምሌ 2021፣ አልጄሪያ ላይ ነው። እርሳስ የልጅን አእምሮ ያዳክማል፤ ያጠፋውን ደግሞ የሚመልስ መድኃኒት የለም።

የፋብሪካ ባለቤት ሁሉ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ደጉም ቢሆን ብቻውን አይችልም። ለምሳሌ አንድ የቀለም አምራች ከእርሳስ ነፃ የሆነውን ማቅለሚያ በውድ ገዝቶ ቢሠራ፣ ጎረቤቱ በርካሹ ሠርቶ ገበያውን ይወስድበታል። ሐቀኛውን ከዚህ የሚያድነው ሁሉንም እኩል የሚይዝ ሕግ ነው። ስለዚህ ሕግ ሲመጣ አብዝቶ የሚጮኸውን ነጋዴ ልብ ብላችሁ እዩት።

ነገሩ የሩቅ አገር ብቻ አይደለም። በእኛም ገበያ የተሸጡ የዘይት ቀለሞች በገለልተኛ ቤተ ሙከራ ሲፈተሹ ከፍተኛ እርሳስ ተገኝቶባቸዋል። በእኛ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ደንግጓል። የደንቡ መውጣት ብቻውን ግን ቆርቆሮ ከፍቶ አይፈትሽም። የመዋዕለ ሕፃናቱ በር ቀለሙ ሲላላጥ ፍርፋሪውን በጣቱ የሚለቅመው፣ ጣቱንም አፉ ውስጥ የሚከተው የሦስት ዓመት ልጅ ነው።

የወላጅ ኮሚቴ ያላችሁ፣ ትምህርት ቤቱ ከመቀባቱ በፊት የቀለሙን የምርመራ ወረቀት ጠይቁ፤ ወረቀቱን የሰጠው የአምራቹ ላቦራቶሪ ከሆነ ሌላ አምጡ በሉ። አከራዮች፣ አሮጌ ቀለም በደረቁ አታስፍቁ፤ አቧራው ቤት ውስጥ ይቀራል። ቀለም ነጋዴዎች፣ የይዘት ጽሑፍ የሌለውን ቆርቆሮ አትረከቡ። ተቆጣጣሪዎች ደግሞ ናሙናውን ከሱቅ መደርደሪያ ራሳችሁ አንሱ እንጂ ፋብሪካው መርጦ በላከላችሁ አትርኩ። ውጤቱንም በየአምራቹ ስም ለሕዝብ አውጡት፤ ልጆቹ የእኛ ናቸውና ማወቅ መብታችን ነው።