የቁልቋል ወተት

ልጆች ሳለን ከአጥሩ ቁልቋል ቅርንጫፍ የሰበረ ሁሉ እጁን ወደ ዓይኑ እንዳያስጠጋ ይጮህበት ነበር፤ ጠብ ጠብ የሚለው ነጭ ወተት ሲያዩት የዋህ ነው፣ ዓይን ከነካ ግን ብርሃን ያጠፋል። ያንን ወተት ዳግም ያሳሰበችኝ አክስቴ ናት፤ ካንሰሩ ወደ ዳሌዋ አጥንት ከወረደ ወዲህ በቀኝ ጎኗ መተኛት ተስኗት፣ ትራስ ተደግፋ ሌሊቱን ተቀምጣ የምታነጋው አክስቴ። «አጥንቴን እሳት ይልሰዋል ልጄ» ትለኛለች።

በሞሮኮ፣ በአትላስ ተራሮች፣ የእኛው ቁልቋል ዘመድ ይበቅላል፤ በወተቱ ውስጥ ያለው ሬዚኒፌራቶክሲን በርበሬያችንን ከሚያፋጀው ካፕሳይሲን ሺህ እጥፍ የበረታ እሳት ነው። ትኩስ ነገር ሲነካን «ተቃጠልኩ» ብለው የሚጮኹት ነርቮች አንዲት በር አለቻቸው፤ ተመራማሪው ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. ያገኟት በበርበሬው ማቃጠል ተመርተው ነው። በርበሬ በሯን ከፈት አድርጎ ይመለሳል፤ ያ ወተት ግን በርግዶ ይይዛታል፣ ካልሲየም እንደ ደራሽ ውሃ ይገባል፣ ጯኺው ነርቭም ዝም ይላል። በአጥንት ካንሰር ያነክሱ የነበሩ ውሾች በሰመመን ተኝተው በአከርካሪያቸው ፈሳሽ ውስጥ ጥቂት ቢሰጣቸው ሕመሙ ቀለላቸው፤ ለሰው ገና በሙከራ ላይ ነው። እኔን የሚደንቀኝ ተክሉ ነው፤ ያን ሁሉ እሳት ያዘጋጀው ከብት እንዳይግጠው እንጂ ለማንም አዝኖ አልነበረም።

እሾህን በእሾህ ይባላል፤ እዚህ ግን እሾሁ አይወጣም፣ አጥንቱም አይድንም፣ ዝም የሚለው መርዶ ነጋሪው ብቻ ነው። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው አጠገቧ ላላደረ ሰው ነው። የአክስቴ ሞርፊንም ቢሆን የሌላ ተክል ወተት ነው፤ ከፖፒ አበባ ፍሬ ሲጫር የሚያነባ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ ሰርተርነር የተባለ ወጣት ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ለይቶት በግሪኮች የሕልም አምላክ ስም የጠራው። በየአራት ሰዓቱ ትጎነጨዋለች፣ ምሬቱን በውሃ ታስከትለዋለች። መጠኑ በተስተካከለላት ሰሞን አንድ ሌሊት ክርኗን አስቀድማ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ቀስ እያለች ወደ ቀኝ ዞረች፤ ጠበቅኩ፣ አልጮኸችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳደረገች ብዙ ቆየች።

«ለካ ይሄ ግድግዳ ቀለሙ ተልጧል» አለችኝ።