የማናየው ባልንጀራ

ሰው አይቶት የማያውቀውን ሰው ሊበድል ይችላልን? ጥያቄው የሊቃውንት ክርክር ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ለጣና ዳር ነዋሪ ግን የየዕለት ኑሮው ጥያቄ ነው።

በሐይቁ ዳርቻ ከሚታወቁት ሕመሞች አንዱ ቢልሃርዝያ ነው። ሕመሙ ያለበት ሰው ከውኃው ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ወደ ሐይቁ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ረቂቅ እጭ በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ይራባል፤ ከሳምንታት በኋላም በሺህ ተባዝቶ ወደ ውኃው ይመለሳል። ከዚያም የሚዋኘውን ሕፃን፣ ልብስ የምታጥበውን እናት፣ መረብ የሚጥለውን ዓሣ አጥማጅ ቆዳ በስቶ ይገባል። አስተላላፊውና ታማሚው ግን አይተዋወቁም።

እንግዲህ ተጠያቂው ማን ነው? መጸዳጃ ቤት የሌለውን ድኻ ለመኰነን አንቸኩል፤ ያላወቀም እንዳወቀ አይፈረድበትም። ዓሣ አጥማጁንም «ከውኃው ራቅ» ማለት «ከእንጀራህ ራቅ» እንደ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በደል ባይኖርብንም ግዴታ ይኖርብናል፤ የሕመሙን መንገድ ካወቅን በኋላ ዝም ብንል ዝምታው የራሳችን ሥራ ይሆናል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ ወደዚያው ውኃ የሚመለሰውን ሰው ግን ዳግም ከመያዝ አይጠብቀውም። ስለዚህ የአንዱ ጤና በጎረቤቱ መጸዳጃ ጉድጓድ ላይ የቆመ ነው።

በጎ ሥራም እንዲሁ በማይታይ መንገድ ይጓዛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች፣ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። እነዚያ ሴቶች ሕመሙን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድሉ አያውቁም ነበር። እነርሱ ሳያውቁ ያደረጉትን እኛ አውቀን ልናደርግ እንችላለን። የቁምስናችን ወጣቶች አቅም ለሌላት አሮጊት ከውኃው ርቆ ጉድጓድ በደቦ ቢቆፍሩ፣ ስማቸውን ከማያውቁት ሕፃናት ሕመምን ይከላከላሉ።

ውድ ካቴኪስቶች፣ ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን በዓይኑ አይቶ ራራለት። ከእኛ በኋላ ወደ ውኃው የሚወርደውን ግን አናየውም። ስለ ባልንጀራ ፍቅር ስታስተምሩ እርሱንም አስቡልን።