«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚባለው መቼ ነው?

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላል የአገራችን ሰው። ኑሮ ከብዷቸው መውለድን ለሚፈሩ አዲስ ተጋቢዎች ይባላል። ሳታስበው ፀንሳ ሆድ ለባሳት እናት ጎረቤቷ ቡና ላይ ትለዋለች። አባቱ በማለዳ ለተለየው ሕፃንም ለቅሶ ቤት ውስጥ ይባላል። መልእክቱ የትም ቦታ አንድ ነው፤ ይህን ልጅ የሚያኖረው የእናንተ ኪስ ብቻ አይደለም፣ እንጀራውን ይዞ መጥቷል፣ ከእናንተ በላይ የሚያስብለት አለ። ብዙ ችግር ያየ ሕዝብ ልጅ ወልዶ ለማሳደግ ድፍረት ያገኘው ከእንዲህ ያለ ቃል ነው። በዚህ በኩል ከተረቱ ጋር ጠብ የለኝም።

ጥያቄዬ ተረቱ ሌላ ቦታ ሲገባ ነው። ለበዓል ልጇን ይዛ እናቷ ቤት የመጣች ሴት እናስብ። ልጁ ዘጠኝ ወሩ ነው፤ መዳህ ጀምሯል፣ ያገኘውን ይዞ ለመቆም ይታገላል። እናቱ ሳሎኑን ዞር ዞር ብላ ታይና፣ «እማዬ፣ ይሄን ምድጃ ወደ ጓዳ ብናስገባውስ?» ትላለች። አያት ትንሽ ይከፋቸዋል። «አምስታችሁን ያሳደግኩት እዚሁ ቤት፣ እዚሁ ምድጃ አጠገብ አይደለም ወይ? ተይ ልጄ፣ ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላሉ። ልጅቷ ዝም ትላለች፤ ከእናት ጋር ቃል መመላለስ ነውር ነው። ምድጃውም እዚያው ይቀራል።

አያትየው ይህን ያሉት ከስንፍና አይደለም። እሳቸው በወለዱበት ዘመን አንዲት እናት በልጇ ዕድሜ ላይ ያላት ሥልጣን ትንሽ ነበር። ሩቅ ሳንሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳይቷል፤ ከ6 አንድ ማለት ነው። ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች፣ ወባ በየደጁ ይዞሩ ነበር። ጤና ጣቢያው የአንድ ቀን መንገድ ለሆነባት እናት ልጇን ለዕድሉ ከመስጠት ሌላ ምን ቀራት? እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ጥናት ግን ያው ቁጥር 59 ሆኖ ተገኘ። በመካከሉ ክትባት ተስፋፋ፣ አጎበር ተሰራጨ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞቹን እስከ ገጠር ቀበሌ አደረሰ። የእነዚያን ልጆች ዕድል ሰው በእጁ ለወጠው።

«አምስታችሁን አሳደግኩ» የሚለው ምስክርነትም አንድ ጎዶሎ አለው፤ የሚመሰክሩት ያደጉት ብቻ ናቸው። በየቤቱ ስማቸው የማይነሳ፣ እናት ብቻ በልቧ የምትቆጥራቸው ልጆች አሉ። እሳት ላይ የወደቀ አለ፤ የፈላ ውሃ የተደፋበት አለ፤ ምን እንደዋጠ ሳይታወቅ «ምች መታው» ተብሎ የተቀበረ አለ። አያትየው ራሳቸው ስንት ወለዱ ተብለው ቢጠየቁ ከአምስት የሚበልጥ ቁጥር ይናገሩ ይሆናል።

አንድ የሩቅ አገር ምሳሌ ላምጣ። በአሜሪካ ሕፃናት የወላጆቻቸውን አስፕሪን አግኝተው እየዋጡ የሚሞቱበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ሕግ ወጣ፤ ከ1972 ጀምሮ አስፕሪን ሕፃን በቀላሉ በማይከፍተው ክዳን እንዲታሸግ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ በአስፕሪን የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር እጅግ ቀነሰ። ልጆቹ እንደ ድሮው ልጆች ነበሩ፤ እንደ ድሮው ያገኙትን ሁሉ ወደ አፋቸው ያስገቡ ነበር። የተለወጠው ክዳኑ ነው።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ክዳን ብዙ አይታይም። የደም ግፊትና የስኳር ክኒን በእሽጉ ወይም በትንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ ከመድኃኒት ቤት ይመጣል። አያት እንዳይረሱት ዓይን የሚያየው ቦታ ያኖሩታል፤ ራስጌ ኮመዲኖው ላይ፣ ትራስ ሥር፣ አልጋው ብረት ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በሚይዙት ቦርሳ። ለእሳቸው የቀረበው ሁሉ ለሚድህ ልጅም የቀረበ ነው። ከስኳር ክኒኖች እንደ ግሊቤንክላሚድ ካለው አንዲት ፍሬ ብቻ የሕፃንን የደም ስኳር እስከ ሞት ልታወርድ ትችላለች። ከደም ግፊት መድኃኒቶችም እንደ አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን ያሉት ለሕፃን እንዲሁ አደገኞች ናቸው። ምልክቱ ሰዓታት ቆይቶ ሊመጣ ስለሚችል «ይኸው እየተጫወተ ነው፣ ምንም አልሆነም» ብሎ ማደር አይገባም፤ ክኒን መጉደሉ ከታወቀ እሽጉን ይዞ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ነው። አራስ ልጃቸውን ለመንከባከብ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ እናቶችም ይህንኑ ቦርሳ ይዘው ነው የሚሄዱት። የልጃቸው ቤት መሳቢያ ሁሉ ተቆልፎ የእሳቸው ቦርሳ ሶፋ ላይ ክፍቱን ይቀመጣል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የቡናው ሥፍራ ነው። የእኛ ቡና ዝቅ ተብሎ ይፈላል፤ ውበቱም ይኸው ነው። በርጩማ ላይ የተቀመጠች ሴት፣ ከፊቷ ረከቦት፣ ከጎኗ የከሰል ምድጃ፣ ከላዩ ጀበና፣ ወዲያ ዕጣን ማጨሻ፣ ወለሉ ላይ ቄጠማ። ለሚድህ ልጅ ይህ ሁሉ በዓይኑና በእጁ ትክክል ነው። ስኒው ያብለጨልጫል፣ ፍሙ ቀልቶ ይጠራዋል። የትንንሽ ልጆች ቃጠሎ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከትኩስ ፈሳሽ ነው፤ ቆዳቸው ስስ ስለሆነ ከተቀዳ ቆየት ያለ ሻይ እንኳ ሊልጣቸው ይችላል። ቢቃጠልም ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ሊጥ መቀባት ጉዳቱን ያብሳል። የሚረዳው ለብዙ ደቂቃ፣ ቢቻል እስከ 20 ደቂቃ፣ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ነው።

ከዚያ ቆሎውና ፈንዲሻው አለ። ወደ ዘጠኝ ወር ገደማ ሕፃን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጥቃቅን ነገር መልቀም ይችላል። ቄጠማው መሃል የወደቀችውን አንዲት የሽምብራ ፍሬ እኛ ሳናያት እሱ ያገኛታል። የሚያደቅበት መንጋጋ የለውም፤ እንዳለች ወደ ጉሮሮ ትሄዳለች። ኦቾሎኒና ፈንዲሻ አራት ዓመት ላልሞላው ልጅ እንዳይሰጥ ሐኪሞች የሚመክሩት ለዚህ ነው፤ ቆሎም ያው ነው። ቡናው ይቅር አልልም፤ አያት ቤት ሄዶ ቡና ሳይጠጣ የሚመለስ ማን አለ? ልጁ ሲተኛ ይፈላ፤ ካልሆነም አንድ ሰው ልጁን ይዞ ወደ ሌላ ክፍል ይሂድ። ቆሎው ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ፤ ቄጠማው ለዚያ ቀን ይታለፍ። ይህን ያህል መስዋዕት የሚከብዳቸው አያት አላየሁም፤ ከባዱ ማን ይንገራቸው የሚለው ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ውሃ ያላጠራቀመ ቤት ማግኘት ያስቸግራል። በርሜሉ ክዳን አለው፤ ባልዲውና ሳፋው ግን ክፍት ነው። የሕፃን ጭንቅላት ለሰውነቱ ከባድ በመሆኑ ባልዲ ውስጥ በግንባሩ ከገባ ራሱን ማውጣት አይችልም። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይበቃዋል፤ ጩኸትም አይሰማም። ባልዲው መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩ ይዘጋ። እዚያው ሳሉ በረኪናውን ማየት ነው። በሃይላንድ የተቀዳ በረኪና፣ በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠ ላምባ ለልጅ ያው የሚጠጣ ነገር ነው። ከጠጣ ደግሞ ጣት ከትቶ ማስመለስ የባሰ ይጎዳዋል፤ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ እንጂ።

የቀረውን በጉልበት ተንበርክኮ፣ በልጁ ቁመት ሆኖ ሳሎኑን አንዴ መዞር ያሳየናል። የተንዠረገገ የጠረጴዛ ልብስ፣ ቡፌው ጫፍ ላይ የተቀመጠ ቴሌቪዥን፣ መሬት ላይ የተዘረጋ ዲቫይደር፣ የወንድ አያት ምላጭ፣ ሶፋ ሥር የገባች የሪሞት ጠፍጣፋ ባትሪ። ይቺ ባትሪ ከተዋጠችና ጉሮሮ ላይ ከቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ታቃጥላለች። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደረጃውና በረንዳው ይጨመራል።

ሌሊቱም አለ። አያት ልጁን አቅፈው፣ ጋቢ አልብሰው መተኛት ይፈልጋሉ፤ ናፍቆታቸው ይገባኛል። ሆኖም ሕፃን በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ትራስና ከባድ ልብስ በሌለበት ብቻውን ሲተኛ ነው ከአደጋ ይበልጥ የሚጠበቀው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ በእንቅልፍ ላይ ድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ያህል ቀንሷል። በዚህ ጉዳይም ዕድላቸውን የለወጠው አስተኛኙ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ደግሞ «ልጁ እንዳይበርደው» ተብሎ ከሰል ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሞቆት የተኛው ቤተሰብ እንደተኛ ይቀራል። በፍቅር ጣት የሚላሰው ማርም ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሆንም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ በሽታ ሊያመጣበት ይችላል።

ታዲያ ተረቱ ይጣል? አልልም። ልጅ ይወድቃል፣ ግንባሩ ያብጣል፣ አፈር ይቀምሳል። ቤቱን ሁሉ በፍርሃት አጥሮ ልጁን ከእቅፍ ላለማውረድ ለሚታገል ወላጅ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው ቃል ጤና ነው። ፍርሃት በዝቶ አያት ቤት መሄድ ከቀረማ ልጁ የሚያጣው ከምድጃው አደጋ አያንስም፤ ስሙን በቁልምጫ የሚጠራው፣ የአባቱን የልጅነት ነገር የሚነግረው ሰው ያጣል። ሁሉ ተደርጎ፣ ሁሉ ተጠንቅቆ አደጋ ከደረሰም ያቺን እናት፣ ያቺን አያት «ምን ስትሠሪ ነበር?» ብሎ ከሚወጋት «ዕድሉ ነው» ብሎ አብሯት የሚያለቅስ ሰው ይሻላል። ተረቱ አደጋው ከደረሰ በኋላ ምሕረት ነው። ሳይደርስ በፊት ሲመጣ ግን ሊሠራ የሚችል እጅን ያስቀምጣል። ለዚያ ሰዓት አባቶቻችን ሌላ ተረት ትተውልናል፤ ሳይቃጠል በቅጠል። ሁለቱ ተረቶች አይጣሉም፤ ሰዓታቸው ይለያያል።

አነጋገሩ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ደጃፍ ገብቶ ገና ሰላም ሳይባባሉ ዕቃ ማንሳት አያትን ባለቤትነታቸውን መንጠቅ ነው። ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ደውሎ፣ «እማዬ፣ አሁን መዳህ ጀምሯል፣ ያገኘውን ነው የሚጎርሰው፤ መድኃኒትሽን ምን ላይ ብናስቀምጠው ይሻላል?» ማለት ሌላ ነገር ነው። ጠያቂ ሲኖር አያት ራሳቸው ቤቱን ያውቁታል፤ የትኛው መሳቢያ እንደማይዘጋ፣ የትኛው ሶኬት እንደተላቀቀ ከሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም። ነገሩ የአማት ቤት ሲሆን ግን ምራቷን አስገድዶ ማናገር ግፍ ነው። «እትዬ፣ ምድጃውን ያንሱልኝ» ብትል ለዓመታት የሚነሳባት ቃል ይሆናል። እናቱን መንገር የልጁ አባት ድርሻ ነው፤ ብዙ ወንዶች ይህን ለሚስቶቻቸው ትተው ዝም ይላሉ፤ ልክ አይደለም።

ለዚህ በዓል የልጅ ልጅ የሚመጣላችሁ እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችሁ እስኪደውሉ አትጠብቁ። ራስጌያችሁ ያለውን የክኒን ፌስታል ዛሬ ማታ አንስታችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፉት፤ ቁልፉንም ከበሩ ላይ ንቀሉት።