ማልያው የማን ነው?

ዕለቱ እሑድ ነው፤ ነሐሴ 19 ቀን 2005 ዓ.ም.። ውጪው ዝናብ፣ ውስጡ ሙቀትና ጫጫታ በሆነበት አንድ የዲ.ኤስ.ቲ.ቪ. ቤት ውስጥ በአግዳሚ ወንበሮች ላይ ተጨናንቀን ተቀምጠናል። በቴሌቪዥኑ መስኮት ካርዲፍ ሲቲ የተባለው የዌልስ ቡድን ባለጠጋውን ማንቸስተር ሲቲን ያስተናግዳል። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ የሆኑት ጎረምሶች ሁሉ ለዕለቱ ካርዲፎች ሆነዋል። ጨዋታው በካርዲፍ 3 ለ 2 አሸናፊነት ሲያበቃ ቤቱ በጩኸት ተናወጠ።

በዚያ ጩኸት መሐል ከአጠገቤ የነበሩ አንድ ጠና ያሉ ሰው፣ «ካርዲፍ ሰማያዊ ለባሽ አልነበረም እንዴ? ይሄን ቀይ ማን አለበሰው?» ሲሉ ጠየቁ። ከኋላችን የተቀመጠ አንድ ልጅ ቀበል አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ማሸነፉን ነው እንጂ ቀለሙን ምን ያደርጉለታል!» አላቸው። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ያ ሳቅ ትዝ ባለኝ ቁጥር ያሳፍረኛል። ሰውየው የጠየቁት ስለ ጨርቅ ቀለም አልነበረምና። አንድ ነገር በሕግ የእኔ ስለሆነ ብቻ እንዳሻኝ ላደርገው እችላለሁን? ብዙ ሰው በፍቅሩና በዕድሜው የሠራውን ነገር አንድ ሰው በገንዘቡ ሲገዛው፣ የገዛው ነገር ምኑን ነው? የእሳቸው ጥያቄ ሲፈታ ይህ ነው።

የካርዲፍ ታሪክ በአጭሩ እንዲህ ነው። ክለቡ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1899 ሲሆን አንድ መቶ ዓመት ለሚያህል ጊዜ ሰማያዊ ሲለብስ ኖሯል። ቅጽል ስሙም «ሰማያዊ ወፎቹ» ነው። ስሙ የመጣው ሞሪስ ሜተርሊንክ የተባለው ቤልጂጋዊ ደራሲ ከጻፈውና በ1911 በከተማይቱ ከታየው ተውኔት እንደሆነ ይነገራል። የአርሴናል ደጋፊዎቻችን ልብ ይበሉ! እ.ኤ.አ. በ1927 ይኸው ክለብ በዌምብሌይ አርሴናልን 1 ለ 0 አሸንፎ የእንግሊዝን ዋንጫ ከእንግሊዝ ምድር አውጥቷል። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ይህን ያደረገ ሌላ ቡድን የለም። ጎሏ የገባችው ኳስ ከአርሴናሉ በረኛ እጅ አምልጣ ነበርና ጥፋቱ ገና ባልታጠበው የማልያው ቅባት ላይ ተላከከ። ከዚያ ወዲህ አርሴናሎች የበረኛቸውን አዲስ ማልያ ሳያጥቡ አያለብሱም ይባላል። ማልያ በእግር ኳስ ዓለም ተራ ልብስ ያለመሆኑ ነገር እንግዲህ ዛሬ የተጀመረ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2010 ቪንሰንት ታን የተባሉ ማሌዥያዊ ባለሀብት ክለቡን ያዙ። በ2012 የጸደይ ወራት ሰማያዊው ማልያ ወደ ቀይ ሊለወጥ ነው የሚል ወሬ ሾልኮ ወጣ። ደጋፊው ጮኸ፤ ሐሳቡም የተተወ መሰለ። ወር ሳይሞላ ግን በሰኔ መጀመሪያ ውሳኔው ይፋ ሆነ። ዋናው ማልያ ቀይ፣ ሰማያዊው የውጪ ጨዋታ ልብስ ሊሆን ተወሰነ። በዓርማው ላይ ትልቅ ቀይ ድራጎን ሲነግሥ ወፏ አንሳ ከግርጌው ተወሸቀች። የተሰጠው ምክንያት ቀይ ቀለም በእስያ የመልካም ዕድል ምልክት ስለሆነ ክለቡን በውጪው ገበያ ተወዳጅ ያደርገዋል የሚል ነበር።

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን የባለሀብቱንም ወገን እንስማ። ክለቡ በዕዳ ተዘፍቆ ነበር። ሰውየው እስከ 100 ሚሊዮን ፓውንድ የሚደርስ ገንዘብ እንደሚፈስ ቃል አስገብተዋል። «ክለቡ ከሚፈርስ ቀለሙ ይለወጥ» ያሉ ደጋፊዎች ጥቂት አልነበሩም፤ እነዚህን ሰዎች ከሀዲ ብሎ መስደብ ቀላል ነው፣ ፍትሕ ግን አይደለም። ቀይ ቀለምም ቢሆን ለዌልስ ባዕድ አይደለም፤ በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ ያለው ድራጎን ቀይ ነው፣ ብሔራዊ ቡድኗም ቀይ ለባሽ ነው። ውጤቱም አልዘገየም። በ2013 ካርዲፍ ሻምፒዮን ሆኖ ከ51 ዓመታት በኋላ ወደ አንደኛው ዲቪዚዮን ተመለሰ። እኛም አዲስ አበባ ተቀምጠን ያየነው ያን ቀይ ካርዲፍ ነው።

ደግሞስ ቀለሙን የለወጠ ክለብ ካርዲፍ ብቻ ነውን? ጁቬንቱስ በመጀመሪያ ዓመታቱ የሚለብሰው ሮዝ ነበር። ጥቁርና ነጩን የያዘው በ1903 ከእንግሊዝ አገር፣ ከኖቲንግሃም ከተማ፣ የኖትስ ካውንቲ ዓይነት ማልያ ከመጣለት በኋላ ነው። ሊድስ ዩናይትድን በ1961 ከሰማያዊና ከወርቃማ አውጥቶ እንደ ሪያል ማድሪድ ነጭ ያለበሰው አሠልጣኙ ዶን ሬቪ ነው። ሊቨርፑልን ከላይ እስከ ታች ቀይ ያደረገው ቢል ሻንክሊ ሲሆን ዘመኑም 1964 ነው። ዛሬ እነዚህ ቀለሞች ይለወጡ ቢባል ደጋፊው ደም ያለቅሳል። ታዲያ የትናንቱ ለውጥ ቅዱስ፣ የካርዲፉ ርኩስ የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው?

ወደ መልሱ ከመድረሳችን በፊት አንድ ጥንታዊ እንቆቅልሽ እናስታውስ። የአቴና ሰዎች የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ ጠብቀው ለማቆየት የበሰበሰውን ጣውላ እያነሡ በአዲስ ይተኩ ነበር ይባላል። ከብዙ ዘመን በኋላ ከመጀመሪያው ጣውላ አንድም ሳይቀር ሲቀየር፣ ያቺ መርከብ ያችው መርከብ ናትን? እያሉ ፈላስፎች ተከራከሩበት። የእግር ኳስ ክለብ እንዲህ ያለች መርከብ ነው። ተጫዋቹ ይሸጣል፤ አሠልጣኙ ይባረራል፤ ስታዲየሙ ይፈርሳል፤ ባለሀብቱ ይሄዳል። የካርዲፍ ሰዎች እንኳ አባቶቻቸው የቆሙበትን ኒኒያን ፓርክን ትተው በ2009 ወደ አዲስ ስታዲየም ሲገቡ አገር አልተናወጠም። ታዲያ ዛሬ እሑድ የሚጫወተው ቡድን በ1927 ዋንጫ የወሰደው ቡድን ነው የምንለው በምን ማስረጃ ነው? የቀሩት ሦስት ነገሮች ናቸው። ስሙ፣ ቀለሙ፣ ታሪኩን ከአባት ተቀብሎ ለልጅ የሚያቀብለው ሰው። ሌላው ሁሉ በገበያ የሚወጣና የሚገባ ስለሆነ፣ የክለቡ ሁሉ ማንነት በነዚህ በሦስቱ ላይ ተንጠልጥሏል። በራሱ ዋጋ የሌለው ቀለም ይህን ያህል የሚከብደውም ለዚህ ነው።

አማርኛችን በዚህ ነገር ላይ የሚነግረን አለው። «ባለቤት» የምንለውን ቃል እንመልከት። ባለቤት ማለት አንደኛ፣ ንብረቱ የእርሱ የሆነ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ የትዳር ጓደኛ ነው። ሴቲቱ ባሏን፣ ባልም ሚስቱን «ባለቤቴ» ይላሉ፤ አንዳቸውም ግን ሌላውን ሊሸጡት ሊለውጡት አይችሉም። ሦስተኛ፣ በትምህርት ቤት ሰዋስው ስንማር የዓረፍተ ነገር ባለቤት ድርጊቱን የሚፈጽመው እንደሆነ ተነግሮናል። እንግዲህ አንድን ክለብ የገዛ ሰው በመጀመሪያው ትርጉም ባለቤት መሆኑን ማንም አይክደውም። ነገር ግን በብርድና በዝናብ ስታዲየም የሚገባው፣ ሲሸነፍ እራቱን ሳይበላ የሚያድረው፣ ልጁን አዝሎ የሚሄደው ማን ነው? የድርጊቱስ ባለቤት ማን ነው? በውሉ ወረቀት ላይ የሰፈረው አክሲዮኑ፣ ስታዲየሙና የተጫዋቾቹ ኮንትራት ነው። የአንድ መቶ ዓመት ትዝታ በየትኛውም ውል ላይ አልተጻፈም፤ ሻጩም የእርሱ ስላልነበረ ሊሸጠው አይችልም ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር አባቶቻችን «አደራ» ይሉታል። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን በእጁ ይይዘዋል እንጂ አይለውጠውም።

እዚህ ላይ እልከኛ ተከራካሪ «ሬቪስ ማንን ጠየቀ?» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው፣ ደጋፊውን ድምፅ አሰጥቶ አልነበረም። ነገር ግን ለውጥን የምንመዝንበት ጥያቄ «ማን ለወጠው?» ብቻ ሳይሆን «ለማን ተብሎ ተለወጠ?» የሚለውም ነው። ሬቪ ነጩን ማልያ ያለበሰው ለራሱ ተጫዋቾችና ለራሱ ከተማ «እንደ ማድሪድ መሆን እንችላለን» ብሎ ለመንገር ነው። መልእክቱ የተላከው ለቤቱ ሰው ነበር። ንግድ ብቻ ሲናገር ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሬድ ቡል የተባለው የመጠጥ ኩባንያ የኦስትሪያውን የሳልዝቡርግ ክለብ ሲገዛ፣ በ1933 የተመሠረተውን ክለብ ሐምራዊ ቀለም አውልቆ የራሱን ቀይና ነጭ አለበሰው። ደጋፊዎቹ ሐምራዊው ይቅርልን ሲሉ፣ በበረኛው ካልሲ ላይ ሊቀር ይችላል ተባሉ። እነርሱም ካልሲውን ትተው በአሮጌው ስምና በአሮጌው ቀለም የራሳቸውን ክለብ አቋቁመው ከሰባተኛ ዲቪዚዮን ጀመሩ። አዲሱ ክለብ ዋንጫ በዋንጫ ሲሆን እነርሱ በመንደር ሜዳ ሐምራዊያቸውን ለብሰው ይጮኹ ነበር። ለጥቅሙ የሚያስብ ሰው ሞኞች ይላቸዋል። እኔ ግን የመርከቧን እንቆቅልሽ ከፈላስፎቹ ይልቅ እነርሱ የፈቱት ይመስለኛል።

ወደ ካርዲፍ እንመለስና ያንኑ ጥያቄ እንድገመው። ለማን ተብሎ ተለወጠ? ለውጪው ገበያ። የውጪው ገበያ ማን ነው? ካርዲፍን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ በቴሌቪዥን የሚያይ፣ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን የሚደግፍ ተመልካች ነው። የተነገረው ስለ እስያ ቢሆንም እኛም ከዚያው ሚዛን ላይ ነን። አንድ የዌልስ አባት ከአያቱ የወረሰውን ሰማያዊ ሻርፕ ሣጥን ውስጥ የከተተው እኛን የመሰለ ተመልካች ደስ እንዲለው ታስቦ ነው።

እስቲ ነገሩን ወደ ቤታችን እናምጣው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ተመሠረተ። ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን በያዘባቸው ዓመታት ስሙን ተነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» እንዲባል ተደረገ። ወራሪው ለአንድ የሠፈር ኳስ ቡድን ስም ይህን ያህል መጨነቁ ለምን ይሆን? ስም ከመቃብር በላይ እንደሚውል ስለሚያውቅ ነው። ኢጣሊያ ሄደ፤ ጊዮርጊስ ግን ዛሬም ጊዮርጊስ ነው። በእርግጥ ጠመንጃና ቼክ አንድ አይደሉም። በጠመንጃ የተነጠቀ ሰው ቢያንስ መነጠቁን ያውቃል፤ በቼክ የተነጠቀው ግን ወዶ ፈርሞ ነውና ማንን ይክሰስ? እንደኔ እንደኔ የቼኩ ፈተና ከባድ የሚሆነው በዚህ ነው። ነገ አንድ ባለጠጋ መጥቶ ለኢትዮጵያ ቡና ስታዲየም እሠራለሁ፣ ዋንጫ አመጣለሁ፣ ብቻ ቡናማው ቀለም ገበያ ስለሌለው ይቅር ቢል ደጋፊው ምን ይል ይሆን? «ቡናማዎቹ» የሚለውን ስምስ ምን ያደርጉታል? ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ እንላለን። መንገዱ መኖሩን አልክድም፤ ጥያቄው በዚያ መንገድ የደረሰው ሰው የተነሣው ሰው ነውን? የሚል ነው።

የካርዲፍ ነገር መጨረሻው እንዲህ ሆነ። በ2014 ቡድኑ የመጨረሻውን ደረጃ ይዞ ወረደ። ቀዩም ዕድል አላመጣም፤ የስታዲየሙም ወንበር እየሳሳ ሄደ። በጥር ወር 2015 ባለሀብቱ ሰማያዊው እንዲመለስ ወሰኑ። ለውሳኔያቸው ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ፣ እናታቸው ስለ አንድነትና ስለ ደስታ የሰጧቸው ምክር መሆኑን ተናግረዋል። በማግስቱ ካርዲፍ ሰማያዊ ለብሶ ፉልሃምን 1 ለ 0 አሸነፈ። ሰውየውን ብዙ ወቅሻለሁና ይህንንም ልመሥክርላቸው፤ ጥፋቱን ማረም የሚችል ባለሥልጣንም ሆነ ባለሀብት በየዘመኑ አይገኝም።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 በብሪታንያ የወጣው የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግ ነገሩን በአንቀጽ አስሮታል። የክለብ ባለቤት ዓርማውን ወይም የዋናውን ማልያ ቀለም ለመለወጥ ሲያስብ አብዛኛው የአገር ቤት ደጋፊ መስማማቱን ለማረጋገጥ ተገቢውን ጥረት ማድረግ አለበት። ልብ በሉ፣ «የአገር ቤት ደጋፊ» ነው የሚለው። በዚህ ቆጠራ ውስጥ እኛ የለንም። ትክክልም ነው። በሰው ቤት ድግስ የተጠራ እንግዳ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ከባለቤቶቹም ጋር ይጨፍራል፤ የቤቱ ግድግዳ በምን ቀለም ይቀባ የሚለው ላይ ግን ቃል የለውም። በእርሱ ስም ቀቡት ሲባል ሰምቶ ዝም ማለትም አይገባውም።

እኒያን ሰው ከዚያ ቀን በኋላ አላገኘኋቸውም። ባገኛቸው ግን ያን ዕለት በሳቅ ያለፍነውን ጥያቄያቸውን አሁን እመልስላቸው ነበር። ጋሼ፣ ያን ቀይ ያለበሰው ገዢው ነው፤ የለበሰው ግን ለእኛ ተብሎ ነው።